አትቸገሪ

ተስፋነሽ ክፉ ሴት አይደለችም። ይህን አስቀድሞ መናገር ያስፈለገው፣ ያን ቅዳሜ ያደረገችውን የሰማ ሁሉ «ምን ዓይነት ሴት ናት?» እያለ ወሬውን በዓለም ገና ስላዳረሰው ነው። ሴትየዋ እዚያው ዓለም ገና ባለ አንድ የልብስ ፋብሪካ ስፌት ክፍል ትሠራለች። ከወላይታ የመጣችው ገና ልጃገረድ ሳለች ነው፤ እዚሁ አገባች፣ እዚሁ ወለደች። ሰው ቤቷ ሲመጣ ተቀምጣ አታውቅም። በራፍ ላይ ኮቴ ሲሰማ እሷ ቀድሞውኑ ማድ ቤት ገብታለች። ባሏ እውነቱም በሰው ፊት «የኔዋ እኮ እጇ አያርፍም» እያለ ይኮራባታል። ሰው በሚስቱ ድካም እንዴት እንደሚኮራ እግዜር ይወቀው።

ከዚህ በፊት አንድ ጥርስ ተነቅላ ያየችው አበሳ አይረሳትም። ያኔ ከክሊኒክ እንደተመለሰች ሻርፗን አውልቃ ቀጥታ ወደ ምድጃው ነበር የሄደችው። ጉድጓዱ ውስጥ ረግቶ ቁስሉን መሸፈን የነበረበት ደም ወጣና አጥንቱ ባዶውን ቀረ። ሕመሙ ከመንጋጋዋ ተነስቶ ጆሮዋን፣ ከጆሮዋ አናቷን ይዞ ግድግዳ ለግድግዳ ሲያንፏቅቃት ሰነበተ። እውነቱ ያንን ሁሉ በዓይኑ አይቷል።

የአሁኑ ደግሞ የባሰ ነው። የመጨረሻው መንጋጋ ጥርሷ ድዱ ውስጥ ተጋድሞ ስለነበር፣ ሐኪሟ ድዱን ቀድዳ፣ አጥንቱን ፈልፍላ፣ ጥርሱን ሰባብራ ነው ያወጣችው፤ ድዱንም መልሳ በክር ሰፋችው። ስትጨርስ ባልና ሚስቱን ጎን ለጎን አስቀመጠቻቸው።

«የረጋው ደም ነው መድኃኒትሽ» አለች። «እሱ እንዳይነሳ አትትፊ፣ ዛሬ አትጉመጥመጪ፣ በስትሮ አትጠጪ፣ እፍ አትበዪ። ምግብሽ ቀዝቃዛና ለስላሳ ይሁን። አታጎንብሺ፣ ከባድ አታንሺ፣ እሳት ዳር አትቁሚ። ስትተኚም ትራስሽን ከፍ አድርጊ።»

ከዚያ ወደ እውነቱ ዞረች። «እንደ ፊተኛው ከተበላሸ ሕመሙ ብቻ አይሆንም፤ ካመረቀዘ ወደ አንገቷ ሊወርድ ይችላል። ያ ከሆነ ሆስፒታል ነው የምትተኛው። ለጥቂት ቀን ቤቱን አንተ ያዘው።»

እውነቱ ራሱን ነቀነቀ። ራስ በመነቅነቅ እውነቱን የሚያህለው የለም።

ተስፋነሽ ግን ባሏን ታውቀዋለችና ነገሩን በእሱ አልጣለችውም። ልጇን ሩታን ቀደም ብላ ኮዬ ፈጬ ያለችው እህቷ ኤዶም ጋ ልካታለች። ድንች ቀቅላ ፈጭታለች፣ እርጎ ገዝታለች፣ በሰፈሩ ሱቅ ፍሪጅ ውሃ በፕላስቲክ በረዶ አስደርጋ ጉንጯ ላይ የምትይዘው አዘጋጅታለች። ፍራሹን ሳሎን አድርጋ ትራስ በትራስ ላይ ደርባለች። ከክሊኒክ በባጃጅ ስትመለስ መንገዱ እያነጠራት፣ ፋሻዋን ነክሳ፣ በልቧ አንድ ነገር ብቻ ትል ነበር፦ አሁን ተኝቼ እድናለሁ። ያን ሌሊትም እንደተባለችው ሆነች። በማግስቱ፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ ጉንጯ አብጦ ዓይኗን ቢያጠበውም ደሙ ቆሟል።

መጀመሪያ የመጡት ኦቦ ደቻሳ ናቸው፣ የሚኖሩበት ግቢ ባለቤት፣ ወተት ይዘው። ከደጃፍ አላለፉም። «አካም ጅርታ፣ ተስፉ?» አሉ፣ እንዴት ነሽ ለማለት። ቀና ብላ ልትመልስላቸው ስትል እጃቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ከለከሏት። «አትመልሺ ልጄ። እሱ ጥርስ እኔንም አሳይቶኛል። ወተቱ ፈልቶ በርዷል፣ ቀስ እያልሽ ጠጪው።» ወተቱን ደፍ ላይ አስቀምጠው፣ በሩን ቀስ ብለው ገጥመው ሄዱ። ተስፋነሽ ያን ሰዓት ሽማግሌውን እንደ አባቷ ወደደቻቸው።

ቀጥለው የእውነቱ የሥራ ባልደረቦች መጡ። ዘርሁን የሚባለው አለቃቸው ከፊት፣ ሌሎቹ ከኋላ፣ በፌስታል ብርቱካን ይዘው። ለተቦረቦረ ድድ ብርቱካን። ስትንቀሳቀስ ሲያዩ ሁሉም እጃቸውን አወዛወዙ።

«በሞቴ እንዳትነሺ። እንዳትቸገሪ» አለ ዘርሁን፣ ጃኬቱን አውልቆ ወንበሩ መደገፊያ ላይ እየሰቀለ።

እንግዲህ አትቸገሪ የሚባለው ቃል ይህ ነው። ቃሉን ሕፃንም ያውቀዋል፤ ትርጉሙ ግን ቃሉ ውስጥ የለም። ጃኬቱን የሰቀለ ሰው አትቸገሪ ካለ፣ ቆይቻለሁ፣ ማድ ቤቱም ያውቀው ማለት ነው። የቤቷ እመቤት ደግሞ «ኧረ ምን ችግር አለው» ብላ ትነሳለች። እሱ ሁለተኛ ይከለክላታል፣ እሷ ሁለተኛ እንቢ ትላለች፣ ሁለቱም ጨዋ ይባላሉ። ደግሞ ሊጠይቋት የመጡት ታማ ስለተኛች እንጂ ቆማ ስለምታስተናግድ አልነበረም።

ዘርሁን ተደላድሎ ምክሩን ጀመረ። «ይሄ ምንም አይደል። አረቄ ያዝ አድርገሽ ተጉመጥመጪበት፣ ድርቅ ነው የሚያደርገው።» ተስፋነሽ በሕይወቷ አረቄ ቀምሳ አታውቅም፤ ጸሎት ቤት የምትሄድ ሴት ናት። እውነቱ ሳቀ። ሳቁን ሳይጨርስ በዓይኑ ጠቀሳት፣ ወደ ማድ ቤቱ። እንዳልገባት ሆነች። ጎንበስ ብሎ በጆሮዋ «ሻይ እንኳን አድርጊላቸው፣ ምን ይሉኛል?» አላት።

ምን ይሉኛል አለ። ትናንት ከሐኪሟ ፊት አብሯት የተቀመጠው ሰው።

ተነሳች። እየተናደደች ቢሆንም ተነሳች። መብራት ጠፍቷል፣ ስለዚህ ከሰል ነው። ማንደጃው ላይ አጎነበሰች፣ ጭንቅላቷ እንደ ከበሮ ይመታል። ከሰሉ እንቢ አለ። ብታርገበግበው እንቢ አለ። እፍ አለችው።

ወዲያው አፏ ሞቀ፣ ጨው ጨው አለ። ደም ነው። መትፋት የለባትምና ሳፋው ላይ አፏን ከፍታ እንዲሁ እንዲንጠባጠብ ተወችው፣ ንጹሕ ፋሻ አጥፋ ነከሰች። የረጋው ደም ወጥቶ ይሁን አይሁን አላወቀችም። የምታውቀው ሕመሙ ሲመጣ ነው። ያ ሕመም እንዴት ያለ እንደሆነ ደግሞ ታውቀዋለች። እንዲያም ሆኖ ሻዩን አፍልታ ቀድታ፣ በትሪ ይዛ ወጣች። 

«ምነው ተቸገርሽ?» አሉ እንግዶቹ በአንድ አፍ። ሻዩንም ጠጡ፣ ደገሙም።

ሲሄዱ እውነቱ በር ድረስ ሸኝቷቸው ተመለሰ። ተስፋነሽ ጉንጯ ላይ በረዶውን ይዛ፣ ትራሱን ተደግፋ፣ የቀላውን ፋሻ አሳየችው።

«ደማ» አለች በተገጠመ ጥርስ። «ሆስፒታል ልታስተኙኝ ነው።»

እውነቱ ደነገጠ፤ መደንገጡስ ደነገጠ። ግን የደነገጠ ሰው መጀመሪያ የሚፈልገው ጥፋተኛ ነው። «አንቺም ደግሞ» አለ። «አትቸገሪ አላሉሽም? ሰዎቹ እኮ እንዳትነሺ ብለው ለምነውሽ ነበር። ማን ተነሺ አለሽ?»

ተስፋነሽ ባሏን አየችው። ቀልዱን አይደለም፣ ከልቡ ነው። ያ በዓይን የጠቀሳት፣ ያ በጆሮዋ የነገራት ሌላ ሰው ነው እንዴ? የምትናገረው ቢሞላም የመንጋጋዋ ክር ይሳባል ብላ ዝም አለች። ንዴቱ ግን ዝም አላለም። ከቁስሉ በላይ ያቃጠላት እሱ ነው። እሺ፣ አለች በልቧ። አትቸገሪ ማለት አትቸገሪ ከሆነ፣ እንግዲያው እንደ ቃሉ።

ከሰዓት በኋላ የጸሎት ቤቷ የቤት ለቤት ኅብረት መጣ። መሪው ወንድም እዮብ፣ የልብ ጓደኛዋ አቤኒ፣ ሌሎችም። ደሙ እየቀነሰ መጥቶ ነበር። ጸሎት አደረጉላት። ወንድም እዮብ እንደ ልማዱ እጁን ሕመሙ ያለበት ቦታ ላይ ጫነ፣ ማለትም ያበጠው ጉንጯ ላይ። በ«ጌታ ሆይ» ሁሉ መዳፉ ጠበቅ ይላል። ተስፋነሽ በአፍንጫዋ አሜን አለች፣ ጸሎቱ ከልብ መሆኑን ታውቃለችና ታገሠች። እንባዋ ወረደ። እነሱ መንፈስ የነካት መስሏቸው ጸሎቱን አስረዘሙት።

አሜን ከተባለ በኋላ የተነሳ ሰው የለም። አቤኒ ጫማዋን አውልቃ እግሯን ከሥሯ አጠፈች። «እህቴ፣ እንዳትቸገሪ እሺ? ምንም ነገር እንዳታደርጊ» አለች። ሌሎቹም «አዎ፣ እንዳትቸገሪ» እያሉ ተቀባበሉት። ወንድም እዮብ ከወንጌል፣ ከሕመሟ እንደተፈወሰች ተነስታ እንግዶቹን ስላስተናገደች አማት አንድ ታሪክ ጀመረ። እውነቱ ከበሩ አጠገብ ቆሞ በዓይኑ ጠቀሳት።

«እሺ» አለች ተስፋነሽ። «አልቸገርም።»

ትራሷን አስተካክላ ተጋደመች፣ ጉንጯ ላይ ፕላስቲኩን ያዘች። እንዲህ ያለ መልስ እዚያ ቤት ተሰምቶ አያውቅም፤ እዚያ ሰፈርም ተሰምቶ አያውቅም። ወንድም እዮብ ታሪኩን የት እንዳደረሰው ጠፋበት። አንዷ ሴት የቀሚሷን ጠርዝ ስፌት መቁጠር ያዘች።

እውነቱ ሳቅ አለ። «መድኃኒቱ እንቅልፍ ያመጣባታል» አላቸው።

«አላመጣብኝም» አለች ተስፋነሽ ዓይኗን ገልጣ።

እውነቱ ፊቱ ጠቆረ። ሰው ሁሉ ዓይኑን ሰበረለት፣ በመጨረሻ ወደ ማድ ቤቱ ገባ። ድስት ሲንኳኳ ተሰማ። ክዳን ወደቀ። ቀጥሎም ድምፁ መጣ።

«ተስፉ፣ ክብሪቱ የት ነው?»

ተስፋነሽ ፕላስቲኩን ጉንጯ ላይ አገላበጠች። አቤኒ ጫማዋን በእግሯ እየፈለገች «ልርዳው» ብላ ልትነሳ ስትል፣ ተስፋነሽ የቀሚሷን ጫፍ ይዛ አስቀረቻት። «ተቀመጪ። እንግዳ ነሽ።» አቤኒ ተመልሳ ተቀመጠች። ጓደኛዋን እንዲህ አይታት አታውቅም፣ ትንሽም ፈራቻት።

«ስኳሩስ?» አለ እውነቱ ከውስጥ። ትንሽ ቆይቶ «የሻይ ቅጠሉስ?» ድምፁ አሁን ቁጣ ነበረው። መልስ ሲያጣ በሩ ላይ መጥቶ ቆመ፤ እጁ ከሰል፣ ግንባሩ ላብ። እንግዶቹ ሁሉ እሱን አዩ፣ ከዚያ እሷን።

«እየጠየቅኩሽ እኮ ነው። የት ነው የምታስቀምጪው?»

ተስፋነሽ ፋሻውን ከአፏ አወጣች። አልጮኸችም፤ መጮኽ አትችልም ነበር። ንዴቷ ግን ሙሉ ነበር፣ ከዛሬ ብቻ የመጣም አይደለም። ሩታ ከተወለደች ጀምሮ የኖሩበት ቤት ነው። ሰውየው ከዚያ ማድ ቤት የወጣ ሻይ ሲጠጣ ኖሯል፣ የስኳሩና የሻይ ቅጠሉ ጣሳ ግን የት እንዳለ አያውቅም። እሷ ዛሬ ብትሞትም አያውቅም። ይህ ሐሳብ እሱን በሩ ላይ ቆሞ ስታየው መጣባት፣ እንደመጣባትም ተናገረችው።

«እኔ ሞቼ ቢሆን እነዚሁ ሰዎች ለለቅሶ ይመጡ ነበር» አለች። «ያኔ ማንን ልትጠይቅ ነበር?»

ወንድም እዮብ አንገቱን ደፋ። ተስፋነሽ አዲስ ፋሻ አጥፋ ነከሰችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። እውነቱም ወደ ማድ ቤቱ ተመልሶ ገባ፣ ጣሳዎቹን አንድ በአንድ እየከፈተ ያሸትት ጀመር።