ወደ ጓሮ የሚሄደው ሽቦ

አናጢው ከሰው ሁሉ ጋር በሰላም ይኖራል፣ ማንንም ግን አያምንም። ሥጋ ሲገዛ ከሥጋው ይልቅ የሻጩን ጣት ያያል፤ ሐኪም መድኃኒት ሲያዝለት ፋርማሲው የማን እንደሆነ ይጠይቃል። «ጠርጥር፣ ከገንፎ ውስጥ አይጠፋም ስንጥር» የምትለው ተረት ከአፉ ስለማትለይ፣ የሰፈሩ ሰው የወጣለትን ስም ትቶ «ጠርጥር» ይለዋል። እሱም ቅጽል ስሙን አልጠላውም።

የወረሰው ግቢ ረጅምና ጠባብ ነው። በሩ አጠገብ ባለው ቤት ታናሽ ወንድሙ ከሚስቱ ጋር ይኖራል፤ የመብራት ቆጣሪውም እዚያው ግድግዳ ላይ ነው። ጠርጥር ራሱ፣ ጩኸቱና ብናኙ ሰው እንዳያስቸግር ብሎ፣ ወርክሾፑን ከነማደሪያው ከቆጣሪው ዘጠና ሜትር ርቆ ጓሮ ጥግ ሠራ። ያኔ መስመር ሊዘረጋ የመጣው ኤሌክትሪሺያን «ርቀት አለው፣ ወፍራም ኬብል ይግዙ» ቢለው፣ ከሱቁ ጋር ተመሳጥሮ ነው ብሎ አሰናበተው። ቀጭኑን ራሱ ገዝቶ ራሱ ቀበረ። ለአንድ አምፖልና ለአንዲት መሰርሰሪያ ምን አነሰው፣ ሠራ።

ባለፈው ዓመት ግን ትልቅ የጠረጴዛ መጋዝ አስገባ። መጋዙ ሲነሣ ያቃስታል፣ ጠንካራ እንጨት ሲነካ ቀጥ ይላል፣ አምፖሉም ይደበዝዛል። ጠርጥር ነገሩን ለማወቅ ብዙ አልለፋም። ሽቦው በወንድሙ ወጥ ቤት ሥር ያልፋል፤ እንግዲህ ወንድምየው ጠልፎታል።

ከዚያ ወዲህ ሥራው ስለላ ሆነ። አመሻሽ ላይ መጋዙን ያስነሣና አንገቱን በመስኮት ብቅ ያደርጋል። የወንድሙ ቤት ድርግም ብሎ ይጨልማል። መጋዙን ሲያጠፋ መብራታቸው ይመለሳል። የሌባ ነገር፣ የሚሠራውን እንዳያዩበት ያጠፋል አለ በልቡ።

ነገሩ አንገበገበው፤ እናታቸው ስትሞት ይህን ልጅ አዝሎ ያሳደገው እሱ ነበርና። ሰላምታ ነሳው። በመጨረሻም ምክንያቱን ሳይነግረው ቤቱን እንዲለቅ አዘዘው። ወንድምየው «እሺ ጋሼ» ብቻ አለው። ይህች «እሺ» ይባስ አስጠረጠረችው፤ ንጹሕ ሰው ቢሆን ይከራከር ነበር።

ዘመድ እንዳይወቅሰው ማስረጃ ቢያስፈልገው፣ የተጠለፈበትን ቦታ እንድታሳየው አንዲት ኤሌክትሪሺያን አስጠራ። ወንድሙን ታውቀው እንደሆነ አስቀድሞ ጠየቃት። አታውቀውም። መጋዙ እየሠራ ቆጣሪው ዘንድ ለካች፤ ሁለት መቶ ሃያ ቮልት። ጓሮ ሄዳ ለካች፤ መቶ ዘጠና ገደማ። ቀጥላ ወርክሾፑ ውስጥ ያለውን ሁሉ ነቀለችና፣ የወንድሙ ቤት እንደበራ፣ በዚያ ሽቦ ላይ ምንም እንደማያልፍ በመለኪያዋ አሳየችው።

«ማንም አልጠለፈዎትም አባቴ» አለችው። «ሽቦው ራሱ ነው ኃይሉን መንገድ ላይ የሚበላው። የቀበሩት ባለ ሁለት ነጥብ አምስት ካሬ ሚሊሜትር ነው፣ ቀጭን። ለዚህ መጋዝና ለዚህ ርቀት ባለ አስር ያስፈልጋል።»

ጠርጥር አናጢ ነውና ገባው። እሱስ ቢሆን ለሰፊ ክፍል ቀጭን አግዳሚ መች ይጥላል? ቢሆንም እጁን አልሰጠም፤ ታዲያ መጋዙ ሲነሣ የፊቱ ቤት ለምን እንደሚጨልም ጠየቃት። እሱ ከመስመሩ እንዳልሆነ፣ ሰው እያጠፋው መሆን እንዳለበት ነገረችው።

እሷን አስከትሎ ወንድሙ ቤት ገባ። ወንድምየው ዕቃ በካርቶን እያሸገ ነበር።

«መጋዜ ሲነሣ መብራት የምታጠፋው ለምንድን ነው?»

«መጋዝህ ሲያቃስት እንሰማለና። ምድጃውንም መብራቱንም አጥፍተን እንቀመጣለን፣ ላንተ እንዲደርስህ ብለን።»

ጠርጥር ወደ ሴትየዋ ዞረ። ይህ ጠቅሞት እንደሆነ በዓይኑ ጠየቃት። እሷም ገብቷት ራሷን በአሉታ ነቀነቀች፤ ይህ ነው የሚባል ጥቅም አልነበረውም። ዓመቱን ሙሉ ለሱ ብለው በጨለማ የተቀመጡት በከንቱ ነበር።

ያን ጊዜ ካርቶን ላይ ተቀመጠና በድዬሃለሁ አለ፤ ወፍራሙ ኬብል ነገውኑ እንደሚገባ ነግሮ፣ ቤቱን እንዳይለቁ ለመነ። በዕድሜው ሰውን ሲለምን ይህ የመጀመሪያው ነው።

«ኬብሉን ግዛው ጋሼ፣ ለሥራህ ያስፈልግሃል» አለ ወንድሙ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «መጠርጠርህን ዓይንህ ላይ አይቼዋለሁ። ትጠይቀኛለህ ብዬ ነበር የጠበቅኩት። አሁን ቤት ተከራይተናል።»

በማግስቱ ዕቃው ተጫነ። ጠርጥር ለሰርጋቸው በእጁ የሠራላቸውን አልጋ በአንዱ ጫፍ፣ ወንድሙ በሌላው ጫፍ ይዘው አወጡት። አናጢው እስከ መኪናው ድረስ እያለቀሰ ሄደ።