የአያ ቢሻው አዎታ

አጭር መጠይቅ ጊዜ ይቆጥባል ይባላል። አይቆጥብም። እኔ የቆጠብኩትን ግማሽ ሰዓት አንድ ገበሬ ሁለት ሳምንት አልጋ ላይ ተኝቶ ከፍሎልኛል።

እንጅባራ ሆስፒታል፣ የአእምሮ ሕክምና ክፍል ውስጥ ሳይኮሎጂስት ሆኜ በገባሁ ቀን ሐኪሙ አንድ ገጽ ወረቀት ሰጠኝ። ከረጅም የጠባይ መጠይቅ ተቆርጦ የወጣ ነው። «ረጅሙን ተኝቶ ታካሚ አይጨርሰውም፤ ይሄ ይበቃል» አለኝ። ደስ አለኝ። ሰነፍ ሰው አጭር ነገር ሲሰጡት ሳይንስ ይመስለዋል።

መጀመሪያ የጠየቅኋቸው አያ ቢሻው ነበሩ፤ የዘንገና ገበሬ፣ በቤታቸው አዊኛ የሚናገሩ። አገግመው መውጫቸውን ይጠብቃሉ።

«ድንች የምተክልበት ጊዜ ነው፤ ቶሎ ጠይቀኝና ልሂድ» አሉኝ።

«ሰዎች ሊጎዱኝ ይፈልጋሉ» ብዬ አነበብኩ።

«አዎ።»

«ንዴቴን መቆጣጠር ያቅተኛል።»

«አዎ።»

እስከ መጨረሻው አዎ ነው። ደመርኩት፤ ተጠራጣሪና ቁጡ ሆነው ወጡ። ሐኪሙ መውጫቸውን አዘገየው። በሳምንቱ ያንኑ ወረቀት ደግሜ ጠየቅኋቸው፤ ውጤቱ ያው ሆነ።

«አየህ፣ የሚታመን መጠይቅ እንዲህ ነው» አለ ሐኪሙ።

ከጥቂት ቀናት በኋላ ቁጡ ያልኳቸው ሰውዬ በምሳ ሰልፍ የተጣሉ ሁለት ታካሚዎችን ሲያስታርቁ አየሁ። ረጅሙን መጠይቅ ከመሳቢያ አወጣሁ። እዚያ ተቃራኒ ጥያቄዎችም አሉ፤ ያሳጠሩት ሰዎች ድግግሞሽ መስሏቸው ያስወጧቸው።

«ንዴቴን በቀላሉ እቆጣጠራለሁ።»

«አዎ።»

«አያ ቢሻው፣ ባለፈው አልችልም ብለውኝ ነበር እኮ።»

«አንተ አልክ እንጂ እኔ መቼ አልኩ?»

«ታዲያ ለምን አዎ አሉኝ?»

«ጋውን የለበሰን ሰው ከተቃወምኩ፣ ገና አልዳነም ትሉኝ የለ?»

አዊኛ የምትችል ነርስ ጠራሁ። አዎና አይደለምን ትተን፣ ለእያንዳንዱ ጥያቄ ከኑሯቸው አንድ ምሳሌ እንዲነግሩን ለመንናቸው። ቁጣውም ጥርጣሬውም አልተገኘም።

«ወረቀቱ ተሳስቷል ነው የምትለው?» አለኝ ሐኪሙ።

«አልተሳሳተም። ፍርሃታቸውን ሁለት ጊዜ በትክክል ለክቷል።»

በማግሥቱ ወጡ። የጎረቤቶቻቸው ድንች በቅሎ ነበር።

ያው መልስ ሁለት ጊዜ መምጣቱ እውነት አያደርገውም። አንተም አጭሩን ወረቀት ከያዝክ፣ ከመደመርህ በፊት ተቃራኒውን ጠይቅ። ጊዜ የለኝም ካልክ አትጠይቅ።