«መካ የትም አትሄድም»

ያን ቅዳሜ ጠዋት... እኔና ባለቤቴ ከኮምቦልቻ ደሴ በሚወጣው ሚኒባስ ውስጥ ተኮራርፈን ተቀምጠናል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከዓመታት በፊት የደረጀ (ባለቤቴ ነው) ባጃጅ ተገልብጦ እግሩ ሲሰበር፣ ለሕክምናውም ለባጃጁ ማሠሪያም ያበደሩን እትዬ ዘሃራ ናቸው። ደሴ፣ ሰኞ ገበያ ከሚባለው ሰፈር ጨርቅ ይሸጣሉ። ከማግባቴ በፊት እሳቸው ሱቅ ነበር የምሠራው። ብሩን ሲልኩልን ወለድ የለ፣ ቀነ ገደብ የለ... «ሲሞላላችሁ ትሰጡኛላችሁ» ብቻ ነው ያሉን። ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን አንስተውብን አያውቁም።

አሁን ደግሞ ኮምቦልቻ ውስጥ የሚሸጥ ቤት አገኘን። ሁለት ክፍል፣ ትንሽ ግቢ፣ የራሱ ውሃ ያለው። አብዛኛውን ከመሥሪያ ቤቴ የብድርና ቁጠባ ማኅበር እወስዳለሁ፤ ለቀብዱ ደግሞ ያጠራቀምናት ብር አለች። ችግሩ ያቺ ብር የእትዬ ዘሃራን ዕዳ ከከፈለች ቀብድ የለም፤ ቀብድ ከሆነች ዕዳው እንዳለ ነው።

ደረጀ «መጀመሪያ ዕዳ» ይላል። እኔ «መጀመሪያ ቤት» እላለሁ። የቤት ኪራይ በየዓመቱ ሲጨምር ያየ ሰው ይፈርድልኛል። «እሳቸው መች ጠየቁን? ቤቱ ግን ከሰኞ አያልፍም!» ስለው፣ እሱ ደግሞ «ስላልጠየቁን እኮ ነው የከበደኝ» ይለኛል። በመጨረሻ ራሳቸውን ጊዜ እንዲሰጡን እንጠይቃቸው ተባባልንና ተነሣን።

ሱቃቸው ስንደርስ እትዬ ዘሃራ «ምን እግር ጣላችሁ!» ብለው አገላብጠው ሳሙን።

ደረጀ አንገቱን ደፋ። እኔ ነኝ የተናገርኩት። ገና «ቤት አግኝተን ነበር እትዬ፣ የእርስዎን ብር ትንሽ ብንቆይበት...» ከማለቴ እጄን ያዝ አደረጉ።

«ማሻአላህ! የራሳችሁ ቤት? አብሽሪ ልጄ! ያዙት፣ እንዳያመልጣችሁ። የኔን ኋላ ትሰጡኛላችሁ።»

ደረጀን በክርኔ ጎሸም አደረግኩት... አላልኩህም?

ይሄኔ የጎረቤት ሱቅ ባለቤት ሰይድ ዝርዝር ብር ፍለጋ ገባ። እኛን ሰላም ብሎ ወደሳቸው ዞረና፣ «እትዬ ዘሃራ፣ የሐጁን ነገር በቃ ተዉት? ክፍያው እኮ በዚህ ሳምንት ይዘጋል» አላቸው።

በዓይናቸው ሊያስቆሙት ሞከሩ። አልገባውም። «ስንት ዓመት የተመኙትን...» ብሎ ሊቀጥል ሲል ዝርዝሩን እጁ ላይ አድርገው አስወጡት።

«ሐጅ ሊሄዱ ነበር?» አልኳቸው።

«ለከርሞ ነው፣ ኢንሻአላህ።»

«ብሩ ጎድሎብዎት ነው?»

ጨርቅ ማጣጠፍ ጀመሩ። «መካ የትም አትሄድም ልጄ። ቤቱ ግን ይሸጣል።»

እትዬ ዘሃራ ዕድሜያቸው ከሰባ አልፏል። ጉልበታቸውን ተደግፈው ነው ከወንበር የሚነሱት። እዚያ ሱቅ ስሠራ፣ ሰግደው ሲጨርሱ እጃቸውን ዘርግተው የሚለምኑት ይሄንኑ ጉዞ እንደነበር በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ከርሞን ደግሞ ማን አየው...

ወደ ደረጀ ዞርኩ። «ላክላቸው።»

«ሁሉንም?»

«ሁሉንም።»

ስልኩን አወጣ። ትንሽ ቆይቶ የሳቸው ስልክ ጮኸ። መነጽራቸውን ፈልገው መልእክቱን አነበቡት... ደግመው አነበቡት።

«ምን አደረጋችሁ? ወላሂ መልሱት!»

«አይመለስም እትዬ» አለ ደረጀ፣ ከጠዋት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ ብሎ።

በሻሻቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። ከዚያ «የቤቱ ባለቤት ማን ይባላል?» ብለው ጠየቁን። ስሙን ነገርናቸው፤ ለወግ የጠየቁን ነበር የመሰለን።

ስንመለስ ሚኒባስ ውስጥ እንባዬ መጣ። ጸጸት አይደለም... ግን ያቺ ግቢ ውስጥ በሐሳቤ ስንት ነገር ተክዬ ነበር።

በማግሥቱ እሑድ ከሰዓት ስልኬ ጠራ፤ እትዬ ዘሃራ ናቸው። «ኮምቦልቻ መናኸሪያ ነኝ። ኑና ሰውየው ጋ አድርሱኝ።»

በደረጀ ባጃጅ ወሰድናቸው። ሻጩ አቶ ጌታቸው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው፤ ቤቱን የሚሸጡት አዲስ አበባ ልጃቸው ጋ ሊገቡ ነው። እትዬ ዘሃራ ገና ከመቀመጣቸው «እነዚህ ልጆች ቀብድ የላቸውም። ዋሳቸው እኔ ነኝ» አሉ።

አቶ ጌታቸው ግራ ገባቸው። «እናቴ፣ ነገ ሌላ ገዢ ቀብድ ይዞ ይመጣል። ደግሞ እርስዎን አላውቅዎትም።»

«እኔም እርስዎን አላውቅዎትም። እነሱን ግን አውቃለሁ። ትናንት ሐቄን ሳልጠይቃቸው ሰጡኝ። የሰጡኝ ለእርስዎ ቤት ካስቀመጡት አንስተው ነው። እኔን ያልካዱ እርስዎን ይክዳሉ? ከካዱዎት ደሴ ሱቅ አለኝ፣ እኔን ይያዙ።»

አቶ ጌታቸው ወደኔ አዩ፣ ወደ ደረጀ አዩ። እኔ ቀና ማለት አቅቶኝ ጣቶቼን እፈትጋለሁ።

«እንግዲህ እኔም ከመስከረም በፊት አልለቅም» አሉ በመጨረሻ። «ቀብዱን እስከዚያ በየወሩ ያስገቡ። እርስዎ ግን ይፈርሙልኝ።»

እትዬ ዘሃራ «ቢስሚላህ» ብለው ፈረሙ። ከዚያ ደረጀን በባጃጁ መናኸሪያ እንዲመልሳቸው አዘዙት፣ ሱቃቸውን ለሰው ትተው ነበር የመጡት።

ትናንት ከኮምቦልቻ አውሮፕላን ማረፊያ ሸኘናቸው። ነጭ ለብሰው፣ ሳቃቸው ፊታቸውን ሞልቶት። ሊገቡ ሲሉ ዞር ብለው «የዚህን ወር ከፈላችሁ?» አሉን። ከፍለናል።

ዋስ ማግኘት እንዲህ በከበደበት ጊዜ... የኛዋ ዋስ ዱዓ ሊያደርጉልን መካ ድረስ ሄደዋል!