በሮማን የዳኑት እማማ

ሪያድ፣ ነሲም ሰፈር፣ ሦስት ዓመት በሠራሁበት ቤት ሐኪም ተብዬ ነበር። ትምህርቴ ከስምንተኛ ክፍል አላለፈም፤ ለሹመቱ ያበቃኝ ሐበሻ መሆኔ ብቻ ነው። አሠሪዬ ማዳም ሐበሻ የተባለ ሁሉ ቅጠል በጥሶ፣ ሥር ምሶ የሚያድን ይመስላታል። እኔ ከወሎ ስመጣ የማውቀው መድኃኒት ዳማከሴና የጤና ጣቢያ ፓራሲታሞል ነበር። ይህን ግን የጠየቀኝ የለም፤ እኔም አልተናገርኩም።

ታማሚዋ የማዳም እናት ናቸው። ማማ ክቢራ እንላቸዋለን፣ ትልቋ እማማ እንደ ማለት ነው። ትልቁ አንጀታቸው ቆስሎ ሆዳቸውን ይቆርጣቸዋል፣ ያስቀምጣቸዋል፣ አንዳንዴም ደም አለው። ሐኪሙ በየቀኑ የሚወሰድ መድኃኒት አዞላቸዋል፤ በትንንሽ ከረጢት የታሸገ፣ ዳጉሳ የሚያካክል እንክብል። እሳቸው ግን «አላህ ከዛፍ ያላወረደው ነገር እኔን አያድነኝም» እያሉ ከረጢቱን ሳህን ማጠቢያው ላይ ይገለብጡታል። ምሳ ላይ የሚጠጡት ጥቁር ለስላሳ ከየትኛው ዛፍ እንደሚወርድ አልጠየቅኋቸውም። እንጀራዬ ነው።

አንድ ቀን ማዳም ስልኳ ላይ አንዲት ሴት ስለ ሮማን ልጣጭ ስታወራ ሰማች። የልጣጩ ጭማቂ ለቆሰለ አንጀት ፍቱን ነው አለች ሴትዮዋ። ወዲያው አንድ ካርቶን ሮማን ቤት ገባ።

«ያላ፣ ቶሎ በይ፣ አንቺ ታውቂበታለሽ» አለችኝ ማዳም።

ስለማውቅበት ጀመርኩ። ልጣጩን ጣሪያ ላይ አሰጣዋለሁ፤ የሪያድ ፀሐይ በአንድ ቀን ቋ አድርጎ ያደርቀዋል። ፈጭቼ በፈላ ውኃ እዘፈዝፈዋለሁ፣ አጥልዬ ከፍሬው ጭማቂ ጋር እደባልቀዋለሁ። ስቀምሰው ምላሴን አኮማተረው፤ ከኮሶ አይተናነስም። ማማ ክቢራ ግን ከዛፍ የወረደ ነውና ጭልጥ!

በቀጠሮው ቀን ማዳም ስለ ሮማኑ ሐኪሙን ጠየቀችው። «መጠጣቱ ላይጎዳ ይችላል፤ ግን ከመድኃኒቱ ጋር እንጂ በመድኃኒቱ ፈንታ አይሆንም» አለ። ማዳም የመጀመሪያውን ግማሽ ሰምታ ደስ አላት። ሁለተኛው ግማሽ የወደቀው እኔ ላይ ነው፤ ቤት እንደገባን «መድኃኒቱን ካልወሰዱ ከአንቺ ነው የማየው» ተብያለሁ። አሮጊቷ አልውጥም ይላሉ፣ ልጃቸው አስውጪ ትላለች፣ መሐል ላይ ያለሁት እኔ።

ለሦስት ቀን ለመንኳቸው። በአራተኛው ቀን ቢስሚላህ ብዬ ከረጢቱን ቀደድኩና ሮማኑ ውስጥ ገለበጥኩት።

ማማ ክቢራ አንዴ ጎንጨት አሉና አፋቸውን አጣጣሙ። «ማጥለያሽ ተበስቷል መሰል፤ ፍሬ ፍሬ ይለኛል።»

«የሮማኑ ስብርባሪ ነው፣ ማማ። ሳያኝኩ ይዋጡት፤ ኃይሉ ያለው እሱ ላይ ነው።»

ወላሂ፣ ኃይሉ ያለው እሱ ላይ ነው ማለቴ በዚያ ቤት ከተናገርኩት ሁሉ የጠራው እውነት ነበር።

ሁለት ወር ሳይሞላ ሴትዮዋ ዳኑ። መጸዳጃ ቤት በር ላይ መዋል ቀርቶ የዘመድ ሰርግ ላይ ሄደው አንድ ትሪ ሩዝ ከበው በሉ። ወሬው ነሲምን አዳረሰ። ከሰዓት በኋላ እንግዳ ክፍሉ በሴቶች ይሞላና እኔ እጠራለሁ። ፍራሹ ጠርዝ ላይ ቁጢጥ ብዬ ጥያቄ እመልሳለሁ፤ በባዶ ሆድ ነው? ጣፋጩ ሮማን ነው ጎምዛዛው? ጨጓራ ያላት፣ ሆዷ የሚነፋ፣ ሁሉም ሆዷን ይዛ መጣች። የአንዷ ሕመም ባሏ መሆኑን ወሬዋን ሳትጨርስ አውቄዋለሁ፤ ለእሷም ሮማን አዘዝኩ። ዱክቱራ ይሉኝ ጀመር። ቀን ሙሉ ሲያንበረክከኝ የሚውለው ወለል ላይ በክብር መቀመጤ ደስ ብሎኝ ነበር፣ አልዋሽም።

ደስታዬን የማወራው ደግሞ ሰው ያስፈልገኛል። በአንድ አውሮፕላን አብራኝ የመጣች ጓደኛ አለችኝ፤ ክርስቲያን ናት፣ የደሴ ልጅ፣ መንሱራ ሰፈር ሆና የሴቶች ፀጉር ቤት ታጸዳለች። በስልክ ድምፄን ቀርጬ ላኩላት። «እህቴ፣ ጉድ ስሚ! ሐኪም ያቃተውን በሮማን ልጣጭ አዳንኩልሽ።» አሠራሩን ከልጣጩ እስከ ማጥለያው ዘርዝሬ ነገርኳት። ከረጢቷን ግን ዘለልኳት። የተቀረጸ ድምፅ ከስልክ ስልክ ሲዞር ማዳም ጆሮ ይደርሳል ብዬ ፈራሁ። የፈራሁት ይህን ብቻ ነው ብል ግን ይህም ውሸት ነው፤ ከረጢቷ ወሬው ውስጥ ከገባች ዱክቱራነቴ ምን ሊቀረው?

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይላሉ። ጓደኛዬ በሽታዋን ደብቃኝ ነበር፤ የታመመች ሠራተኛ ወደ አገሯ ትሸኛለችና ለማንም አልተናገረችም። እኔ ደግሞ መድኃኒቱን ደበቅኳት። ስንቅና ውሸት እያደር ይቀላል የሚለው ተረት ለእኔ አልሠራም፤ የኔ ውሸት መንሱራ ድረስ ሄዶ ከበደ።

ከሁለት ወር በኋላ በአንድ ዓርብ ፈቃድ አግኝቼ ልጠይቃት ሄድኩ። በሩን ስትከፍትልኝ አላወቅኋትም። ቀሚሷ ትከሻዋ ላይ የተሰቀለ ነው የሚመስለው፤ ከንፈሯ ነጥቷል። መስኮቱ ላይ የሮማን ልጣጭ ተሰጥቷል።

«ደም ከጀመረኝ ሦስት ሳምንት ሆነኝ» አለችኝ ቁጭ ብላ። ያው የማማ ክቢራ በሽታ ነው። ሹመይሲ ካለው ሆስፒታል የተሰጣት መድኃኒትም ያው ከረጢት ነው።

«መድኃኒቱንስ?»

«ኸላስ፣ ተውኩት እኮ! ድምፅሽን ከሰማሁ ጀምሮ ሮማኑን ነው የያዝኩት።»

ልጅቷን በገዛ ምላሴ እየገደልኳት ነበር። ሁሉንም ነገርኳት፤ ከረጢቱን፣ አሮጊቷን፣ ዱክቱራነቴን። ሰምታ ስትጨርስ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

«ለማዳም ቤት ሲሆን መድኃኒት፣ ለእኔ ሲሆን ምክር» አለች። «እኔ ድሃዋ እንዳልድን ነው አይደል? ሮማኑ አይሠራም ካልሽ እነዚያ ሁሉ ዐረቦች ደጅሽን የሚጠኑት ለምንድን ነው?»

ሦስት ጊዜ ማልኩ። ስዋሽ መሐላ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም፤ እውነቱን ስናገር መሐላዬም አላዳነኝ። ተናደድኩ፣ ጮኽኩባት፣ አለቀስኩ። ከሐሳቧ አልተመለሰችም።

ዕንባዬን ጠርጌ ተነሣሁና ማድቤት ገባሁ። ሁለት ሮማን ጨምቄ ተመለስኩ።

«እሺ፣ የደበቅኩሽ ነገር አለ» አልኳት። «ሮማኑ ብቻውን ኃይል የለውም። የሐኪሙ እንክብል ሲገባበት ነው የሚነቃው። መጠኑን ደግሞ ሐኪሙ ራሱ ነው የሚለካው፤ ይህን ጠጪና አሁኑኑ እሱ ዘንድ እንሄዳለን።»

ፊቷን መለሰች። ዐይኗ በራ።

«አላልኩሽም! በእመቤቴ፣ የደበቅሽኝ እንዳለ ልቤ ነግሮኛል!» አለችና ከሻንጣዋ ሥር ከረጢቶቹን አውጥታ ሰጠችኝ።

ያን ዕለት ሆስፒታል ተኛች፤ ሐኪሞቹ መድኃኒቷን አስተካክለውላት ከወራት በኋላ ወደ ሥራዋ ተመልሳለች። እኔን እስከ ዛሬ የሚያስጨንቀኝ ግን ከመሄዳችን በፊት ያለችው ቅጽበት ናት። በግራ እጇ ብርጭቆውን ይዛ፣ በቀኟ እጄን ስባ ሳመችው፤ «ቂም ይዤብሽ ነበር፣ ይቅር በይኝ እህቴ» አለች። እጄን መንጠቅ ነበረብኝ። አልነጠቅኩም፤ ብትጠረጥርና ብርጭቆውን አስቀምጣ ሐኪም ዘንድ አልሄድም ብትልስ ብዬ ፈራሁ። ብርጭቆው ገና አልተጋመሰም ነበር።