ወንፊቱ ላይ የቀረው

አቻምየለሽ ጠዋት ጠዋት፣ የቃሊቲው ፋብሪካ ሰርቪስ ከመድረሱ በፊት፣ የተኛች ልጇን ክንድ በአውራ ጣቷና በመሐል ጣቷ ትከብባለች። በመስከረም ሁለቱ ጣቶች ጫፍ ለጫፍ ይነካኩ ነበር። በጥር አውራ ጣቷ የሌላውን ጥፍር አልፎ ሄደ። ያን ቀን ከአልጋው አጠገብ መነሳት አቃታት፤ ሰርቪሱ ጥሩንባውን ነፍቶ ነፍቶ ትቷት ሄደ።

ልጇ ሊዲያ ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ሆኗታል። ወተትና እንቁላል ሰውነቷን ሽፍ ያደርገዋል። ሥጋ ደግሞ እናቷ ትፈራላታለች። አቻምየለሽ ዘጠኝ ዓመቷ ሳለ፣ አቃቂ በሰቃ በወላጆቿ ቤት፣ ታናሽ ወንድሟን ነቢዩን የሽምብራ ቆሎ አንቆ ገደለው። ያጎረሰችው እሷ ነበረች። ስለዚህ በቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየሟ ምስሩንም፣ አተሩንም፣ ባቄላውንም ቀቅላ በወንፊት ታጠልለው ነበር። ለሊዲያ ይደርሳት የነበረው መረቁ ነው። "ጉልበቱ ያለው መረቁ ላይ ነው" ሲባል ሰምታለች።

በዚያው ሰሞን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ አደሴ ቤት ለቤት ስትዞር መጣች። ሊዲያን መዘነችና ሚዛኑን ደግማ አየች።

"ልትሞትብኝ ነው?" አለች አቻምየለሽ።

"ኧረ ወዲያ! ምንድነው የምትበላው?"

መረቁን አሳየቻት። አደሴ ብርጭቆውን ወደ መስኮቱ አነሳችው።

"በዚህ ውስጥ እኮ አስፋልቱ ይታየኛል! አንቺ ሴትዮ፣ ገንቢው ወንፊቱ ላይ ቀርቷል። ፍሬውን አድቅቀሽ ከእንጀራ ጋር ስጫት። ምስር የሚጎድለውን ጤፉ ይሞላል፣ ጤፍ የሚጎድለውን ምስሩ። አብረው ሲበሉ ያለ ሥጋም ያሳድጋሉ።"

"ቢያንቃትስ?"

"ቁጭ ብላ፣ በደንብ ደቆ፣ በትንሽ በትንሹ። እኔም እዚሁ ነኝ።"

ምስሩ እስኪልም ደቀቀ፤ በእንጀራ ተለወሰ። እናቲቱ ካጎረሰቻት የመጀመሪያ ማንኪያ ግማሹ ልጅቷ ደረት ላይ ፈሰሰ። ሊዲያ ሳል ያዛት። አቻምየለሽ ጣቷን ወደ ጉሮሮዋ ልትከት ስትል አደሴ እጇን ያዘቻት።

"ተያት! እየሳለች እኮ ነው፤ የሚስል ሰው ይተነፍሳል።"

ልጅቷ ዋጠች። ከዚያ አፏን እንደገና ከፈተች።

ይኸው ሁለት ወር ሆነ። ጥፍሩ ዳግም መታየት ጀምሯል፤ ጣቶቹ ግን ገና ጫፍ ለጫፍ አልደረሱም። አቻምየለሽ አሁንም ሊዲያ በልታ እስክትጨርስ አትቀመጥም።

ታሪኳን ልጽፍ ቤቷ ስሄድ፣ "ሁሉንም ጻፊው፣ የነቢዩንም" አለችኝ። አንዱን ብቻ እንድተወው ለመነችኝ። አደሴ በዚያ ቀን፣ "ወንፊቱ ላይ የሚቀረውን የት ነበር የምትደፊው?" ብላ ጠይቃት ነበር። "ለጎረቤት ዶሮዎች" ብላ አቻምየለሽ መለሰችላት። ጎረቤቶቿ ዶሮ የላቸውም። በየቀኑ፣ ቆማ፣ ጨው ነስንሳ ትበላው የነበረችው እሷ ናት።