የመጋዘኑ መስኮት

ነጭ ሽንኩርት ሲወቀጥ ከሸተተኝ፣ እጄ ሳላዝዘው መስኮት ይከፍታል። ባለቤቴ «ምነው፣ ቤቱ ተቃጠለ እንዴ?» ትለኛለች። እኔ ግን ያን ጊዜ ሞጣ፣ እህል መጋዘን ውስጥ ነኝ።

በወጣትነታችን እኔ ተሸካሚ፣ ጓደኛዬ ሚዛን ያዥ ነበርን። እሱ ሌባ እየጠበቀ እዚያው ጆንያ ላይ ያድር ነበር። «ኪራይ የለብኝ፣ ፍራሼ ስንዴ፤ ከእኔ በላይ ጌታ ማን አለ?» ይል ነበር። በየጆንያው መሀል የነቀዝ ክኒን እናስቀምጣለን። ሽታው ነጭ ሽንኩርት ነጭ ሽንኩርት ይላል፤ ነቀዙም ያልቃል። ሰውም እንደ ነቀዝ እንደሚተነፍስ ማን አስታወሰን?

ጓደኛዬን ሳል ያዘው። ጠዋት ፀሐይ በቆርቆሮው ቀዳዳ ገብታ አቧራው ሲጨፍር፣ እሱ ግድግዳ ይዞ ያስታውካል። አሰሪያችን «ጠላ አብዝቶ ነው» አሉ። እናቱ ሰምተው ማር ይዘው ከቢቸና መጡ። የመጋዘኑን ብቸኛ መስኮት ክፍት ሲያዩ ደነገጡ። «ልጄን ብርድ ጨረሰብኝ» ብለው በአሮጌ ጋቢ ጥርቅም አድርገው ወተፉት። እኛም አመሰገንናቸው። ባገራችን ብርድ ገደለ ይባላል እንጂ፣ የታፈነ ቤት ገደለ ሲባል ሰምተን አናውቅም።

ከዚያ ወዲያ ባሰበት። ሐኪሙ የክኒኑ ጋዝ ሳንባውን እንደጎዳው ነገረው። ጆንያ ማንሳት ቀርቶ ዳገት መውጣት አቃተው። መታከሚያና መተዳደሪያ እንዲሰጡት አሰሪያችንን ከሰሰ። ሽማግሌዎች «በዕርቅ ይለቅ» ሲሉት፣ «ሳንባዬ በይቅርታ አይተነፍስም» አላቸው።

ዛሬ እሱ አፈር ነው፤ እኔ የራሴ መጋዘን አለኝ። ክኒን ካለበት ሰው አላሳድርም። ባልንጀሮቼ «ትዘረፋለህ» ይሉኛል። ልዘረፍ።

ያኔ ፍርድ ቤት፣ ነገሩ ሊፈረድለት ሲል የአሰሪያችን ጠበቃ ተነሣ።

«መስኮቱን እኛ ክፍት ትተናል። የደፈኑት እናቱ ናቸው። ደጅ ተቀምጠዋል፤ ይግቡና ይጠየቁ።»

ጓደኛዬ ዞሮ በሩን አየ።

«ክሱን ትቻለሁ።»

ዳኛው «አስብበት እንጂ፣ ልጄ» አሉት።

«አስቤ ነው።»

ስንወጣ እናቱ ግንቡ ጥግ ፀሐይ ይሞቃሉ።

«ምን አሉህ?»

«ብርድ ነው ያመመህ አሉኝ፣ እማዬ።»

«ብዬህ አልነበር?» አሉና ነጠላቸውን አውልቀው አንገቱን ይጠቀልሉለት ጀመር። እሱም እንዲደርሱበት ጎንበስ አለላቸው።