ፊት የሚያሳምር ስልክ

ስልኩ ጥሩ ስልክ ነው። ይህን አስቀድሜ ልናገር፤ በኋላ የምለውን ስታነቡ ያለ ጥፋቱ የማማው እንዳይመስላችሁ። ውድ አይደለም፣ ርካሽም አይደለም፤ እንደ እኔ ያለ የመንግሥት ደመወዝተኛ ጥርሱን ነክሶ የሚገዛው ዓይነት ነው። ባትሪው አንዴ ከሞላ ሦስት ቀን ይቆያል፤ መብራት ደርሶ በሚጠፋበት አገር ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ሁለት ሲም ይይዛል። ከእጄ ስንቴ ወድቆ አልተሰነጠቀም። ድክመቱም የታወቀ ነው፤ ፀሐይ ላይ ስክሪኑ አይታይም፣ ቪዲዮ ሲበዛበት ይግላል፣ እያደር ደግሞ የነኩትን ለመክፈት ያንቀላፋል። ይህን ሁሉ ጎንደር ፒያሳ የሸጠልኝ ነጋዴ ሳይደብቅ ነግሮኛል። አንድ ነገር ብቻ ነው ያልነገረኝ፤ ምናልባት እሱም ጥፋት መሆኑን አያውቅም ነበር።

ካሜራውን ሊያሳየኝ እዚያው ባንኮኒው ላይ ፎቶ አነሳኝ። ግንባሬ ላይ ያለው ጠባሳ የለም። ከዐይኔ ሥር ያለው ጥቁረትም ጠፍቷል። «ሙሽራ አደረገህ እኮ!» ብሎ ሳቀ። እኔም ደስ አለኝና ሁለት ገዛሁ፤ አንዱን ለራሴ፣ አንዱን አምባ ጊዮርጊስ አጠገብ ገጠር ለሚኖሩት ለእናትና ለአባቴ።

የምሠራው ሆስፒታል ውስጥ ካርድ ክፍል ነው። ሥራዬ የታካሚ ካርድ መፈለግ፣ ማውጣትና መመለስ ነው፤ ሌላ የለውም። ይህን ለአገሬ ሰው ስንት ጊዜ አስረድቻለሁ፤ ስንት ጊዜም «እሺ ዶክተር» ተብያለሁ። እናቴማ ጭራሽ አትሰማኝም። «ሐኪም ቤት ውሎ የሚገባ ሐኪም ነው፤ ምነው ነገር ታወሳስባለህ?» ትለኛለች። እኔም ሙግቱ ሲሰለቸኝ ስቄ እተወዋለሁ። ያን ሳቅ አሁን ሳስበው ራሴን በጥፊ ማጮል ያምረኛል።

እናቴ ፊደል አልቆጠረችም፤ ግን ስልኩን በአንድ ሳምንት ለመደችው። ክረምቱ እንደገባ፣ በየእሑዱ ከቅዳሴ መልስ አባቴን ግድግዳው ሥር ታቆመውና ታነሳዋለች። ያነሳችውን እሷ መልሳ አታየውም፤ ከፎቶው ጋር ድምፅ ትልክልኛለች፤ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው፦ «ልጄ፣ አባትህን እየው።» እኔም በድምፅ እመልሳለሁ፦ «አየሁት እማዬ፤ ሸጋ ነው።»

እውነትም ሸጋ ነበር። ቆዳው ጥርት ያለ፣ ፊቱ የለሰለሰ። ለሥራ ባልደረቦቼ ፎቶውን እያሳየሁ፣ አባቴ ወደ ጉርምስናው እየተመለሰ ነው እያልኩ እቀልድ ነበር። ትንሽ ከሳ ያለ መስሎኛል፤ የእርሻ ወቅት ነው አልኩ። አንዱ ፎቶ ላይ በቀኝ እጁ ከጎድኑ ሥር ይዟል። አቋቋሙ ነው ብዬ አለፍኩት። ሌላው ላይ ጋቢው ከትከሻው ሰፍቶ ወርዷል፤ እሱንም አለፍኩት።

ኅዳር ላይ እናቴ ደወለች። አባቴ ሰውነቱን እንደሚያሳክከው፣ እህል አልወስድ እንዳለው፣ በማግስቱ በአውቶቡስ እንደሚመጣ ነገረችኝ። አውቶቡስ ተራ ሄጄ ጠበቅኩት። ሰው ሁሉ ወርዶ ካለቀ በኋላ አንዲት ተሳፋሪ አንድ ሽማግሌ ደግፋ፣ «ቀስ በሉ አያ» እያለች አወረደች። እኔ ከሽማግሌው ኋላ አባቴን እየፈለግሁ ነበር። በስሜ የጠራኝ እሱ ነው። የዐይኑ ነጭ እንደ እንቁላል አስኳል ሆኗል። ፊቱም፣ መዳፉም ቢጫ ነው።

እዚያው ቆሜ ለእናቴ ደወልኩ። «ምነው ሳትነግሪኝ?» አልኳት፤ ጮኼ ነው።

«ምን ብዬ ልንገርህ?» አለችኝ። «በየሳምንቱ አላሳየሁህም? አየሁት፣ ሸጋ ነው አላልከኝም? ጠበል ልውሰድህ ስለው እንኳ ልጄ አይቶኛል ብሎ እምቢ አለኝ።»

በእኛ አገር ሐኪም አየው ማለት መረመረው ማለት ነው። እኔ ፎቶ አያለሁ፤ እነሱ ለካ እየታከሙ ነበር።

ተኝቶ እንዲታከም በምሠራበት ሆስፒታል አልጋ ሲያገኝ፣ ስልኬን አውጥቼ ወደ ፊቱ አዞርኩት። የእኔም ከእነሱ ጋር አንድ ነው። ስክሪኑ ላይ ቢጫው ለቀቀ። የጉንጩ ጉድጓድ ሞላ። ስልኩን ዝቅ ሳደርግ የታመመ ሰው፣ ከፍ ሳደርግ ጤነኛ ሰው ይታየኛል። ስነካካ ፊት የሚያሳምረውን ማብሪያ አገኘሁት፤ ሲሠራ ጀምሮ በርቶ የመጣ ነው። አጠፋሁት።

ሐኪሙ በማግስቱ ጠዋት ኮሪደር ላይ ጠራኝ። ከጉበት የሚወጣው የሐሞት መስመር መዘጋቱን፣ በሽታው መግፋቱን ነገረኝ። «ክረምት ላይ ቢመጣ ኖሮ...» ብሎ ጀመረና ተወው። ከዚያ፣ «ሊያየው የሚፈልግ ቤተሰብ ካለ በዚህ በሁለት ሦስት ቀን ይምጣ» አለኝ።

ወደ ክፍሉ ስመለስ አባቴ ትራስ ተደግፎ ተቀምጧል። «አንድ ፎቶ አንሳኝና ለእናትህ ላክላት» አለኝ። «ገብሱ ታጭዶ አላለቀም። ደንግጣ ጥላው ብትመጣ ከብት ይበላዋል። በዚያ በሚያሳምረው አንሳኝ።»

«በሚያሳምረው?» አልኩት። «ታውቅ ነበር?»

«ምነው፣ እኛ ቤት መስታወት የለም?» አለና ፈገግ አለ። «አንተ እዚህ በሥራህ ላይ ልብህ ይረፍ ብዬ ነው።»

ተናደድኩ። በእሱ ተናደድኩ፣ በራሴ ይበልጥ ተናደድኩ። ግን እምቢ የምልበት አንጀት አልነበረኝም። ማብሪያውን መልሼ አበራሁና አነሳሁት፤ ላክሁት። ብዙም ሳይቆይ የእናቴ ድምፅ መጣ። «እሰይ! ተመስገን! ቢጫው ለቀቀው! በሉ፣ አጨዳው ሲያበቃ በሳምንቱ እመጣለሁ።» አባቴም ሰማ። «አየህ» አለኝ። ዐይኑን ጨፍኖ ወዲያው እንቅልፍ ወሰደው።

ትንሽ ቆሜ አየሁት። ሐኪሙ የሰጠኝ ሁለት ሦስት ቀን ነው፤ እናቴ የምትመጣው በሳምንቱ ነው። ማብሪያውን አጠፋሁና እንደተኛ አነሳሁት። አባቴን እየከዳሁ እንደሆነ አውቃለሁ። ምንም ቃል ሳልጨምር ላክሁላት።

ወዲያው ደወለች። ከኋላዋ የአጫጆች ድምፅ ይሰማል።

«ልጄ፣ ሁለት ላክህልኝ። የትኛው ነው የዛሬው?»

«ሁለቱም የዛሬ ናቸው።»

አጫጆቹ አንድ ነገር ጠየቋት፤ «ቆዩ» አለቻቸው።

«የትኛውን ልመን?»

«ሁለተኛውን» አልኳት።

ማጭዷ ድንጋይ ላይ ሲወድቅ ሰማሁ። ከዚያ ስልኩን ሳትዘጋው መሮጥ ጀመረች፤ ትንፋሿ ጆሮዬ ውስጥ ነበር።